የኋላው ጎማ ንፋስ የት ይገባል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቤተሰቡ በተሟላበት፣ አባወራው ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ ለሚስቱና ለአባቱ ስልኩ እየጠራ መሆኑን አስታወቀ። ሁለቱም እየሰሙት ነበር። ሰውየው ግን የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ስለሆነ፣ በአዋጅ ያልተነገረ ነገር የሆነ አይመስለውም። ሰፈሩ ሁሉ «ምክትሉ» ይለዋል። በትምህርት ቤትም በቤትም ማዕረጉ ያው ስለሆነ ስሙ ማንንም አላስቸገረም።

— ሄሎ… አዎ፣ ነኝ… አዎ፣ ባለጎማው እኔ ነኝ… ጎማ ሻጮቹ ናቸው፤ ዝም በሉ!

ማንም አልተናገረም ነበር።

— ሄሎ? ይሰማኛል፣ ይቀጥሉ… ከዋስትና ክፍል? እንደምን አደሩ እህቴ… እኛ ደኅና ነን፣ ጎማው ነው እንጂ… አዎ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቅዎ ነበር… አይ፣ ወቀሳ አይደለም። እንዲያው እንዲያውቁት ያህል ነው።

— እህ… እህ… «ዳርና ዳሩ አልቆ መሃሉ እንደ አዲስ ነው»… እሱንማ እኔም አይቼዋለሁ… «ይህ የሚሆነው ንፋስ ጎድሎት ሲነዳ ነው»… እሺ… «ስለዚህ ጥፋቱ የአሽከርካሪው»… ኧረ ቆይ! ቆይ እህቴ፣ እዚህ ጋ እንቁም! እኔ ንፋስ አጉድዬ አልነዳም። በየቅዳሜው ጠዋት፣ ዝናብ ሆነ ፀሐይ ሆነ፣ ማደያው ድረስ ሄጄ አራቱንም ጎማ ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሁለት አስሞላለሁ። ዛሬም አስሞልቼ መግባቴ ነው። አባቴ ይሙት!

አባቱ ከሶፋው ጥግ ቀና ብለው አዩት። የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ በልጃቸው አፍ በቀን ሁለት ሦስቴ መሞት ለምደዋል። ዛሬ ግን የሻይ ብርጭቆ የያዘው እጃቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ትንሽ ዘገየ።

— ታዲያ ለምን ጎደለ?… እሱማ የኔም ጥያቄ ነው! ጠዋት የሞላሁት ንፋስ ማታ ስለካው ግማሹ የለም። የፊቶቹ ምንም አይሉም፤ የኋላዎቹ ብቻ። ጎማው ካላፈሰሰው ማን አፈሰሰው? ዓመት ሳይሞላው ጥርሱ የረገፈው እኮ በዚህ ነው። ዋስትና የጠየቅሁትም በዚህ ነው… ውሃ ውስጥ ከተታችሁት?… አሳደራችሁት?… አንድም አረፋ?… አንዲት እንኳ?

ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ሚስቱ ዞረ።

— ውሃ ውስጥ አሳድረውት አንዲት አረፋ አልወጣውም ይሉኛል።

ሚስቱ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ነገሩ በጣም እንደሚገርም ተናገረች። መገረሟ ከአንገት በላይ ነበር፤ ምክትሉ ግን ከአንገት በታች የሚመረምርበት ጊዜ አልነበረውም።

— ሄሎ? አለሁ… እህቴ፣ በእልህ አይያዙብኝ። እኔ ሰው ላጭበረብር የተነሣሁ ሰው አይደለሁም። አሁንስ ከጎማው ይልቅ ይህ ንፋስ የት እንደሚገባ ባወቅሁት… እርስዎንም ከነከነዎት?… ጥያቄውን ቤትዎ ድረስ ይዘውት ገቡ? እንግዲያው ሁለት ሆነናል።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ክርክር መሆኑ ቀረ። ምክትሉ ተቀመጠ፤ እግሩንም አነባበረ።

— ይጠይቁኝ። ያሻዎትን ይጠይቁኝ… ጭነት? ኧረ የቤተሰብ መኪና ናት። አንድ ጊዜ የመጻሕፍት መደርደሪያ ጭኛለሁ፣ እሱም ባዶውን… አላይመንት? አሠርቻለሁ። ጎሚስታውም አይቷታል። ሁለት ጊዜ በርግጫ መታት፣ «ጤነኛ ናት» አለኝ… እናንተ አንዱን ጎማ ለምርመራ ስትወስዱ? ስኮርታውን አስገባሁ፤ መለዋወጫዋን፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣችውን… አይ፣ የእናንተ አይደለችም። የሌላ ፋብሪካ ናት…

እዚህ ላይ ያነባበረውን እግር አወረደ። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል። ውሸትን ዕድሜ ልኩን በሰልፍ ላይ ሲከለክል ስለኖረ፣ ሲፈልገው ቶሎ አይመጣለትም።

— …እሷም ጎደለች… አዎ፣ ስኮርታዋም… ገብቶኛል እህቴ። ክሴን በገዛ አፌ እያፈረስኩት መሆኑ ገብቶኛል። ግን ነገሩ ይብስ አይገርምም? አንድ ጊዜ ደግሞ የፊተኛዋን ወደ ኋላ አዞርኳት። ፊት እያለች ንፋሷን የያዘች ጎማ፣ ኋላ ስትሄድ ለቀቀችው። ያቺው ጎማ! ቦታው ነው እንዴ የሚያስተነፍሳት?… ኧረ የፊዚክስ መምህሩን ጠይቄዋለሁ። ሲያስብ ከርሞ «ሙቀት ነው» አለኝ። «የፊቶቹ አይሞቃቸውም?» አልኩት። «ያ ሌላ ሙቀት ነው» ብሎኝ ሄደ።

— ፎቶው? ከማመልከቻው ጋር የላክሁት? አዎ፣ እኔ ነኝ ያነሣሁት… የንፋስ መግቢያቸው?… ምን ሆነ?… «የፊቶቹ ጭቃ ጠግበዋል፣ የኋላዎቹ ተወልውለው ያበራሉ»… እንዴ! እኔ እኮ ፎቶውን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ… ታዲያ ይሄ ምን ማለት ነው?… የሰው እጅ?

ለቤቱ አወጀ።

— የሰው እጅ አለበት ትላለች!

ሚስቱ የሸሚዝ እጅጌ ይዛ ቆመች። አባቱ ሻያቸውን ወደ ጎን አሉት።

— ንፋስ የሚሰርቅ ሰው አለ እያሉኝ ነው?… እህቴ፣ ስፖኪዮ ይሰረቃል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ እሺ። ንፋስ ሰርቆ ምን ያደርግበታል? ወዴትስ ይዞት ይሄዳል?… ጠላት? ጠላት እንኳ… አንድ ጎረቤት አለ። የማዕዘኑ ቤት ሰውዬ። በሬ ላይ አቆምክብኝ ብሎ ሰላምታ ከነሳኝ ሰነበተ። እሱ ከሆነማ ዛሬውኑ… ምን አሉ አባዬ?… እሱ አያደርገውም?… በምን አወቁ?… እንዴ፣ ለምን ይቆጡኛል! ሰውየውን እኮ ገና አልከሰስኩትም!

አባትየው ስለ ጎረቤቱ ንጽሕና ሲመሰክሩ ከሶፋው ጫፍ ደርሰው ነበር። ሲጨርሱ ግን ራሳቸውም የደነገጡ መሰሉ። ከዚያ ሰውዬ ጋር እሳቸውም አይነጋገሩም።

— ሄሎ? ይቅርታ፣ አባቴ ናቸው… አዎ፣ አብረውኝ ነው የሚኖሩት… ከኋላ? አዎ፣ ከኋላ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ፊት ባለቤቴ ትቀመጣለች… ክብደት? ምን ክብደት አላቸው! አባዬ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?… እኔ አይደለሁም፣ የጎማዋ እህት ናት የጠየቀችው… «ጎማ የሚጨርስ ሥጋ የለኝም» ይሉዎታል።

— የት የት እንሄዳለን?… ሳምንቱን ከቤት ትምህርት ቤት ነው፤ ቅርብ ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደግሞ የገዛ እህቴ ዘንድ… መንገዱማ ኮብልስቶን ነው፣ ያውም ተነቃቅሎ ያለቀ። አንጀት ያላውሳል… አይ፣ አንቀርም። አባቴ የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት በዚያች ቀን ብቻ ነው። ትንሿ ገና መራመድ መጀመሯ ነው፤ መኪናዋን ስታይ እየወደቀች እየተነሣች በር ድረስ ትመጣላቸዋለች… እንግዲህ እሱን ነው የምልዎት! ጎማውን ካልተካችሁልኝ የቅዳሜው ጉዞ ቀረ። ከዛሬ ጀምሮ ቀረ። በዚያ ድንጋይ ላይ ጎማ እያስፈጨሁ አልመላለስም። ከፈለጉ እነሱ በታክሲ ይምጡ። ቁርጡን ነው የነገርኩዎ።

ቁርጡ መጀመሪያ የተነገረው ለጎማዋ ሴት ነው፤ ቤተሰቡ አብሮ ሰማ። እህትየው ሕፃን ታቅፋ ያን ያህል መንገድ በታክሲ እንደማትመጣ ሁሉም ያውቃል። አባትየው የሶፋውን እጀታ ጨብጠው፣ ወገባቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ በትከሻቸው ብቻ ተነሡ። ማንንም ሳያዩ ወደ ግቢ ወጡ። ሚስቲቱ በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረገችና ቴሌቪዥኑን ከፈተች፤ ድምፁንም ጨመረች። ስለ ዓሣ እርባታ ነበር። በዚያ ቤት ዓሣ አርብቶ የሚያውቅ የለም።

— ኧረ ቀንሽው!… ሄሎ? ይሰሙኛል?… ይቅርታ፣ ባለቤቴ ዓሣ እየተማረች ነው… ምናቸውን? ወገባቸውን? በምን አወቁ?… አዎ፣ ያማቸው ነበር። ዕድሜያቸውን መሪ ላይ ነው የጨረሱት። አሁን ግን ተሽሏቸዋል… መቼ? እንግዲህ… አዲሶቹን ጎማዎች ያስገባን ሰሞን ይሆናል። የመጀመሪያው ቅዳሜ እንኳ ክፉኛ ነበር። ድንጋዩ ላይ ስንደርስ ላብ አጠመቃቸው፤ ስንመለስ አልጋ ላይ ዋሉ። «ያሞዎታል ወይ?» ስላቸው «ሞኝ ነህ? እኔ ሹፌር ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ወገቤን ብለው አያውቁም። ሐኪሙ ያዘዘላቸው ቅባት ነው። ተአምረኛ ነው፤ እርስዎንም የሚያምዎ ከሆነ ስሙን… አያምዎትም? ታዲያ ምነው ዝም አሉ?… እህቴ?… ሄሎ?… መስመሩ ሄደ እንዴ?

መስመሩ አልሄደም። በዚያኛው ወገን ሰው ሲያስብ የሚሰማው ዓይነት ዝምታ ነበር።

— አሉ? እሺ… ምኑን ልይ?… የሚጎድለው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ? የምለካው እኮ ማታ ነው፣ ስንመለስ… ከመሄዳችን በፊት? ጠዋት የሞላውን ነገር ከምሳ በፊት ማን ይለካል?… አሁን? አሁን ወጥቼ?… ምን ገዶኝ፣ መለኪያው ኪሴ ውስጥ ነው። ስልኩን እንደያዝኩ ልውጣና… ምን ሆንሽ አንቺ?… ልውጣ እንጂ!… በኋላ እበላለሁ… ግቢ ውስጥ ኔትወርክ የለም? ከመቼ ወዲህ?… አሁን አንሶላ የሚታጠፍበት ሰዓት ነው?

ሚስቲቱ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ትልቁን አንሶላ ዘርግታው ነበር። ሁለቱን ጫፍ በእጁ አስጨበጠችው። ምክትሉ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ አንሶላ እንደያዘ ቀረ።

— …እህቴ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፣ አንሶላ ይዣለሁ።

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ።

ዓሣዎቹ እኩል ዝም አሉ። ማቀዝቀዣው ተንገጫግጮ ቆመ። ቤቱ ጭር ሲል፣ ከግቢው አንድ ቀጭን ድምፅ ገባ። ረጅም ነው፤ የማይቸኩል ነው።

ፍስስስስስስስስ…

ምክትሉ በአንሶላው ላይ አሻግሮ ሚስቱን አያት። እሷ አንሶላውን አየች።

— …ይሰማኛል… እርስዎም?… እዚያ ድረስ?

ወደ መስኮቱ ሄደ፤ አንሶላውም፣ ሚስቲቱም ተከተሉት። መጋረጃውን በክርኑ ገፋ አደረገ። ከዚህ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፈተና እንደሚቆጣጠር መምህር በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው።

— አየሁ… የኋላው ቀኝ ነው… አይ፣ ጎረቤቱ አይደለም… ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። በሌላው የክብሪት እንጨት… አዎ፣ መግቢያውን ተጭነውታል። ጆሯቸውን ጎማው ላይ ጥደዋል። በድምፁ ነው መሰለኝ የሚለኩት… አይ፣ አልጠራቸውም። ምን ብዬ ልጥራቸው?

 ሚስቲቱ ከአጠገቡ ቆማ እሷም አየች፤ አዲስ ነገር እንደሚያይ ሰው ግን አልነበረም።

— አንቺም?

አለና መልሱን አልጠበቀም።

— …ሄሎ። አለሁ እህቴ። ጥያቄዬን ሰርዙት። ጎማችሁ ምንም የለበትም… ምክንያት? ምክንያት… «ባለመኪናው አላወቀም» ይበሉ… አዎ፣ እንዲሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፤ ከሥራዎ ውጪ ነው። ስንት ቢሞላ ነው ጎማውም የሰውየው ወገብም የማይጎዱት?… ሃያ ስድስት?… ድንጋዩ ላይ ደግሞ ቀስ ብዬ… በእግረኛ ልክ?… ይቻላል። ኧረ ይቻላል። ማን ያስቸኩለናል።

ፍስስ የሚለው ድምፅ ድንገት ተቋረጠ። ከግቢው የሽማግሌ ድምፅ፣ ቆጣ ብሎ፣ ቴሌቪዥኑን ማን እንደዘጋው ጠየቀ።

— ማንም አልዘጋውም አባዬ! መብራት ሄዶ ነው!

ውጪ የለስላሳው ሳጥን ተንቋቋ።  

— …ግዴለም አባዬ… ግዴለም አልኩ እኮ፣ ይቀመጡ… ሃያ ስድስት ላይ ሲደርስ ያቁሙልኝ እንጂ ይጨርሱት። የግራው ይቀራል፤ ከምሳ በኋላ መንገድ አለብን።

የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሚስቲቱ የአንሶላውን ጫፍ አምጥታ ከሱ ጫፍ ጋር ገጠመችው።

— እህቴ… አሉ?… ቆይ፣ እንዳይዘጉት… አዎ። አዎ፣ ቀጠሉ… ይሰማል አይደል?… በሉ እንግዲህ፣ ደኅና ይዋሉ።

ስልኩን ዘጋ።