ለመንግሥት እንግዳ የቤት ጫማ

እትዬ ዓለምጸሐይ፣ ነይ እስቲ እዚህ ጎኔ ቁጭ በይ። ከጠዋት ጀምሮ ስትሯሯጪ እግርሽ አለቀ እኮ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ... ተመስገን። የዘንድሮን ግንቦት አየሽልኝ? ከሊንደበርግ ከቤቴ ስነሳ ፀሐይ፣ ኦስሎ መሀል ከተማ ሴንትሩም ስደርስ ዝናብ፣ እዚህ ፕሪንስዳል ከአውቶቡስ ስወርድ ደግሞ ነፋሱ ነጠላዬን ይዞብኝ ሊሄድ። አዳራሹን ግን እናንተ የማኅበሩ ሰዎች እንዴት አሳመራችሁት! ፊኛው፣ አበባው፣ ያ በትልቁ የተጻፈው «መልካም ጉዞ»... የመጨረሻዋ ፊደል ግድግዳ አልቆባት ጥግ ላይ ተጣጠፈች እንጂ። አይዞሽ፣ ምንም አይደል። መንገደኛውም ጠበብ ያለ ቦታ መልመዳቸው አይቀርም።

ናይ፣ አይሆንም፣ ድምፄን አልቀንስም! ሙዚቃው ነው የሚያስጮኸኝ። ደግሞ ሰው ሲመሰገን ምን ያንሾካሽካል? የክብር ጠረጴዛው ከኛ ሦስት እርምጃ አይሞላም፤ ቢሰሙስ? ይስሙ እንጂ። ሰው በቁሙ ሲመሰገን መስማት አለበት።

እውነቴን ነው እትዬ፣ እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ክብር አላየሁም። የአይስላንድ መንግሥት በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ ቀን ቆርጦ ጠራቸው! አርባ አምስት ቀን ሙሉ፣ መኝታው ተችሎ፣ ምግቡ ተችሎ፣ ሐኪሙ ተችሎ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ «ሥልጠና ነው» ብለሽ ስታበስሪን ሁላችንም እልል አልን። ለምን አንል? ባንኮቻቸው ባለፈው ዓመት ተንኮታኩተውባቸው፣ የገዛ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ኦስሎን አጥለቅልቀው፣ እነሱ ግን ከኛ መሀል አንድ ሰው ነቅሰው ሲጠሩ! ምን ያለ ሰው ቢሆን ነው?

ወረፋውንስ ነግረውሻል? አልነገሩሽም? ውይ፣ ትሑት ናቸው። ደሴቲቱ እኮ ትንሽዬ ናት፤ ሕዝቧ ተሰብስቦ አዲስ አበባ ቢመጣ ሁለት ክፍለ ከተማ አይሞላም። ማረፊያው ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ የሚገባው ሰው ስሙን አስመዝግቦ ቤቱ ይሄዳል፤ ዓመትም ይሁን ሁለት ዓመት እንጀራውን እየበላ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ደብዳቤ ይላክለታል። በኛ አገር ፖሊስ ሰው ይፈልጋል፤ እዚያ ሰው ነው ፖሊስን የሚጠብቀው። ልጄ ሜሉ ሕግ ታጠና የለ? እሷ ናት ያስረዳችኝ። «እማዬ፣ እዚያ ሰው ሲፈረድበት...» ብላ ስትጀምር... ተፈረደ አልኩ? ተጋበዘ ለማለት ነው። ምላሴ ነው፣ ቅዝቃዜው አደነዘዘው።

እስቲ ዘፈኑ እስኪያልቅ አንድ ተረት ላጫውትሽ። ተረት ስለሆነ ስም የለውም። አንድ ሰው ነበረ። ሁለት ሺህን ልንቀበል እዚህ ሽር ጉድ ስንል፣ ይህ ሰው ከጓደኛው ጋር አይስላንድ ገጠር ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ቀለም ይቀባ ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጓደኛው ትኩሳት ያዘውና ተኛ። ይህ ሰው ብቻውን ነፋስ ልቀበል ብሎ ወደ ተራራው ወጣ አለልሽ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? በግ! እረኛ የለው፣ አጥር የለው፣ ሣሩን እየነጨ ቀና ብሎ አየው። ለካ እዚያ አገር በግ በጋውን ብቻውን ተራራ ላይ ነው የሚከርመው፤ ባለቤቱ የሚለየው በጆሮው ምልክት ነው። ይህ ሰው ግን እምነቱ ጽኑ ነው። አብርሃምን አሰበ። «እግዚአብሔር ያዘጋጀልኝ ነው» አለ። እንዲህ ያለ እምነት አለሽ አንቺ? እኔ የለኝም። እኔ ብሆን «የማን ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ እምነተ ቢስ ነኛ!

አረደው። ቆዳውን ደግሞ ለአጎዛ ይሆናል ብሎ ጨው ነስንሶ በረንዳው ላይ ሰቀለው... ከነጆሮው! አታስቂኝ እትዬ፣ ኩሌ ይፈሳል። ደግ ሰው ምን ይደብቃል? መንገድ ላይ ያለፈ ሁሉ አየው፤ የበጉ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ አየችው። አሮጊቷ ደግሞ የፖሊሱ አክስት። ለወረዳው ሁሉ ያለው አንድ ፖሊስ ነው፣ እሱም የሰው ሁሉ ዘመድ ነው፤ ደሴት አይደለች?

በማግስቱ ፖሊሱ በሩን ሲያንኳኳ ይህ ሰው ምን አለ? «ግባ፣ ብላ!» የሐበሻ ወግ ነዋ። ጥብስ አቀረበለት። ፖሊሱ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። በላ፣ በላና አፉን ጠርጎ፣ «ለመሆኑ የምን ሥጋ ነው?» አለ። ሜሉ ስታነብልኝ እኮ ከሶፋው ወርጄ ምንጣፍ ላይ ነው የሳቅኩት። «ማስረጃው በከፊል በመርማሪው ተበልቷል» ይላል ፍርዱ። ፍርዱ አልኩ እንዴ? ተረቱ። ተረቱ ይላል።

ጎረምሳ ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ይህ ሰው ግን ቆፍጣና ነው፤ ወዲያው «ያረደው ጓደኛዬ ነው፣ ውስጥ ተኝቷል» አለ። አድራሻህ ሲባልም የራሱን ትቶ የጓደኛውን ሰጠ። ፍቅር ነው! ያለውን ሁሉ ለጓደኛው የሚያካፍል፣ ክሱን እንኳ ሳይሰስት! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ አበው፤ እሱ እከኩን ብቻ መች ሆነ፣ ከነቆዳው ከነጆሮው ነው የለከከው። ዳኛው ግን አላመኑም። ያ ጓደኛው ሥጋውን ሳይቀምስ በትኩሳት ሲቃጠል ነበርና። ሲሻለው አሮጊቷ ቤት ሄዶ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሊስም ሲል፣ አሮጊቷ የሆነ ነገር ጠፍቶበት የሚፈልግ መስሏት አብራው ወለሉ ላይ ስትፈልግ ነበር አሉ። ይኸውም ተጽፏል።

ሳቅኩ፣ ሳቅኩ... ከዚያ እዚያው ምንጣፉ ላይ አለቀስኩ። የኔ አድነው ጉልበት ሲስም ታየኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለኔ ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም እኮ እትዬ! ያ ሰው አልቅሶ፣ «የዜግነት ማመልከቻዬ ይበላሻል፣ ለማንም አትናገር» ብሎ ማተቡን አስይዞ አስምሎት ነበር። አድነው ሞኝ ነው፣ መሐላ ያከብራል። ታዲያ ወሬው ባሕር ተሻግሮ ኦስሎ ሲገባ «በግ የሰረቀው አድነው ነው፣ አማልጄ ያስፈታሁት እኔ ነኝ» የሚል ተገኘ። ማን እንደሆነ እንጃ። አንቺም ሰምተሽ አምነሽ ነበር መሰለኝ... አልወቅስሽም፣ የተናገረው የተከበረ ሰው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ዳዋ ደግሞ አይናገርም።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የፋሲካን ቅርጫ የሚመድብላችሁ ማን ነበር? አድነው አልነበረም? አንድም ቀን «የኔ መደብ አነሰ» ያለ ሰው ነበር? ካቻምና በሁዳዴ ሁለት ሰዎች ቤታችን ላካችሁ። «አድነው፣ አንተ ዘንድሮ ብትቀር... ቢላውን ግን አውሰን» አሉት። አዋሳቸው! ዶልዱሞ ተመለሰለት። ዘንድሮም እንደዚያው። አሁን ቅርጫውን ማን እንደሚመድብ አንቺ ታውቂያለሽ። እጃቸው የተባረከ ነው፤ የሰው በግ... ይቅርታ፣ የሰው በሬ ሲመድቡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። አድነው ግን በየስቅለቱ ያንን ቢላ ከጨርቁ አውጥቶ ይስለዋል፣ ይወለውለዋል፣ መልሶ ይጠቀልለዋል። እኔ ኩሽና ሆኜ የሞረዱን ድምፅ እሰማለሁ። ከዚያ ድምፅ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ደብዳቤውን እንዴት አየሽው ትይኝ ይሆናል። አድራሻው የኛ አይደል? በኛ የደብዳቤ ሳጥን፣ በፖስትካሰው ነዋ የሚገባው! አድነው ቀደም ሲል የመጡትን ሳይከፍት ወስዶ ለባለደብዳቤው ይሰጥ ነበር። ይህኛው ግን እኔ እጅ ሲገባ ራሱ ተከፈተ። አገሩ ሲከስር ማስቲሹም ሳስቷል መሰለኝ። ሜሉ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ሁሉ አነበበችልኝ፣ ኮፒም አደረገችው፤ ተማሪ ስለሆነች ማስታወሻ መያዝ ትወዳለች። ዋናውን መልሼ ለጠፍኩት፣ አድነው አደረሰው። «እዚያው ኖርዌይ መፈጸም ይችሉ ነበር፣ በጠየቁት መሠረት ግን እዚህ ተቀብለንዎታል» ይላል። እንዴት ያለ ትሕትና! እኛ እንዳንቸገር፣ ለጥየቃ ምግብ እንዳናመላልስ አስበው ነው።

አድነው ማንበቤን ሲያውቅ ምን አደረገ መሰለሽ? አስማለኝ። «ስሙን በአፍሽ እንዳትጠሪ፣ በማርያም!» አለኝ። ማልኩ። ይኸው እስካሁን የማንንም ስም ጠራሁ? ምስክሬ ነሽ።

ይህን ጥቅል ያዢልኝ። ስጦታዬ ነው። የቤት ጫማ፣ ቁጥር አርባ ሦስት፣ ውስጡ ሱፍ የሆነ። ጫማ እንደሚያስፈልጋቸው ከየት አወቅሽ አትበይኝ፤ ደብዳቤው ላይ «የቤት ጫማ ይዘው ይምጡ፣ ስልክ አይፈቀድም፣ ከተባለው ሰዓት እንዳያሳልፉ» ይላል። ስልክ የማይፈቀድበት ሥልጠና! ጥሩ ነው፣ ሐሳብ ይሰበሰባል። እንደ ልማዳችን ከኬኩ በኋላ አንቺ ማይኩን ይዘሽ ስጦታውን አንድ በአንድ እየከፈትሽ ከማን እንደሆነ ታነቢ የለ? የቀኝ እግሩን ስትከፍቺ ቅርጹ እንዳይበላሽ ወረቀት ጠቅጥቄበታለሁ። የተጻፈበት ወረቀት ነው፣ ማኅተምም አለው። እሱንም ብታነቢው... ዓይንሽ ቢደክም ሜሉ በር ላይ ቆማለች፣ ታግዝሻለች።

ምነው ቀለምሽ ጠፋ? ውኃ ላምጣልሽ? እኔ ክፉ ሴት አይደለሁም እትዬ። የሰው ድግስ ማበላሸት አልወድም፣ ልጆቻቸውም እዚህ አሉ፤ ልጅ ምን በደለ? እንዲያውም ስጦታው ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው... ማንም ይሁን... ተነስቶ ስለ አድነው ሁለት እውነተኛ ቃል ቢናገር፣ ወረቀቱን አወጣዋለሁ። ጫማው ቅርጹን ያጣ እንደሆነ ይጣ። ሁለት ቃል ብቻ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ወደ ዋልታው ጠጋ ሲሉ ግን ንጋቱ ትንሽ ስለሚዘገይ፣ ሰው ካልቀሰቀሰው...

ኧረ! እያቸው እስቲ! ተነሱ። ሹካቸው ወደቀ፣ ተዪው አታንሺው። ዘፈኑን አስቆሙት። ላባቸው በግንቦት እንዲህ ነው? ማይኩን ያዙ... ዝም በይ፣ ዝም በይ እስቲ ልስማ...

አድነው አሉ። ሰማሽ? «የአድነው እጅ የሌለበት ነገር ነው፣ ያስወራሁበት እኔ ነኝ፣ ቅርጫው የሱ ነው» አሉ። በሰው ሁሉ ፊት። ሜሉ ልጄ፣ ሮጠሽ ለአባትሽ ደውይ! ቢላውን ይሳል በይው... አይ ቢላውን ተዪው፣ እሱ ሁሌም ስሎ ነው የሚያስቀምጠው። እያለቀስኩ አይደለም እትዬ፣ ኩሉ ገብቶብኝ ነው። አምጪ ጫማውን። ይኸው ወረቀቱ፣ ቦርሳዬ ገባ፣ ዘጋሁት። ቃሌ ቃል ነው።

ነይ አብረን እንሂድ፣ በእጄ ልስጣቸው። ሰው ሲሄድ ሳይመረቅ አይሸኝም። እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ፣ ይህች ትንሽ ነገር ናት፣ እግርዎን ታሞቅልዎ። መንገድዎ የቀና፣ ቀንዎ የተቆጠረ ይሁን... ለመልካም ማለቴ ነው። የሄዱበት አገር ይያዝዎት፣ አጥብቆ ይያዝዎት፤ እንግዳ ተቀባይ አገር ነው አሉ። ያቀረቡልዎትን ሥጋ የማን ነው ሳይሉ ይብሉ። እኔስ ምዬ ነበርና ስምዎን አልጠራሁም፤ እዚያ ግን ጠዋትና ማታ ስምዎን የሚጠራ፣ «አለሁ» ሲሉም በሩን ከውጭ የሚዘጋልዎ አያሳጣዎት። አሜን በሉ እንጂ!