የኬንሳል ግሪን ፊርማዎች

ወይዘሮ አልታየሽ ባሏ ዘርይሁን ከሞተ ሰባት ወሩ ነው፤ ጥቁሯን ገና አልጣለችም። አንድ ማክሰኞ ጧት ለንደን ውስጥ ዋይት ሲቲ ወዳለው የጽዳት ሥራዋ ለመሄድ ኪልበርን ላይ 31 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍራ ፎቁ ላይ ስትወጣ፣ ከፊተኛው ወንበር አንድ ድምፅ ጠራት።

"አልታዬ! ነይ እዚህ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!"

አቶ ሰይፈሥላሴ ነበሩ። ኪልበርን ጥግ ላይ ያለችውን ሱቃቸውን ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሰባውን የተሻገሩት እኚህ ሰው ዛሬ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጉልበታቸው ላይ ፋይል አስቀምጠው ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራል።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ ሰይፉ። ምነው፣ ሰርግ አለብዎት?"

"ከሰርግም ይበልጣል! ካውንስሉን፣ የሰፈሩን ምክር ቤት፣ ላፋጥጠው ነው። ጣዕም ያለው ትምባሆ በሱቅ እንዳይሸጥ ሊያግዱ አስበዋል። ሲጋሪሎ የሚሉት የናናው ቀጭን ሲጋራ፣ የፍራፍሬው ሺሻ፣ ሁሉም ይቅር ነው የሚሉት። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አስተያየት ይሰማሉ። ባለሱቆቹን ወክዬ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል!"

ናና የሚለው ቃል አልታየሽን ደረቷ ላይ ወጋት፤ ቢሆንም በትሕትና ጠየቀች። "ቢታገድ ምን ይጎዳል ጋሼ?"

"ምን ይጎዳል? አዋቂ ሰው የሚጥመውን ቢመርጥ እነሱን ምን አገባቸው? አባቴ ደሴ ላይ ሱቅ ነበረው። ደርግ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ብሎ አሸገበት። እነዚህ ደግሞ ለጤና ጥቅም ይሉኛል። ማሸግ ያው ማሸግ ነው!"

"የአባትዎን ሱቅ ያሸጉት ማንን ጠይቀው ነው? እነዚህ እኮ ጠርተው እየጠየቁዎት ነው። ደግሞም ያሉት አንድ መደርደሪያ ነው፤ ሱቁን አላሉም።"

"ሲጀምሩ በአንድ መደርደሪያ ነው! እኛ ብናቆም ደግሞ መኪናው ኋላ ጭኖ የሚሸጥ ወሮበላ ይመጣል። መታወቂያ የሚጠይቅ መሰለሽ?"

"እሱስ እውነት ነው፣ ይመጣል። ግን ሌባ መግባቱ ላይቀር ተብሎ በር ከፍቶ የሚያድር አለ? ወሮበላውን ያዙልን ብለው ቢናገሩ እኔም አጨበጭብልዎታለሁ።"

አቶ ሰይፈሥላሴ ሳቁ። "አንቺ ጠበቃ መሆን ሲገባሽ መጥረጊያ ይዘሽ ቀረሽ።"

"ልጠይቅዎት ጋሼ። አገር ቤት ሲጋራ የጀመረ ልጅ በምን ይታወቅ ነበር?"

"በጠረኑ ነዋ! እናቴ ገና ከደጅ ነበር የምትይዘኝ። አንድ ቀን የሎሚ ቅጠል አኝኬ ብገባ፣ 'ሎሚ የበላው ፍየል ና ወደዚህ' ብላ በአለንጋ ገረፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ አፌ ደርሶ አያውቅም።"

"አዩ! ያዳነዎት የእናትዎ አፍንጫ ነው። ይህ ጣዕም የሚሉት ነገር የእናትን አፍንጫ የሚዘጋ ነው። የኔንም ዘግቶታል። ዘርይሁን ማጨስ ትቻለሁ አለኝ፤ ሲስመኝ ናና ናና ይለኝ ስለነበር አመንኩት። ሳንባው እስኪያልቅ ድረስ ሳሉን ብርድ ነው እያልን ከረምን። ጭስ ጉሮሮን ሲቆረቁር እኮ ተው ማለቱ ነው፤ ናናው ያንን ምክር አፉን ያዘው።"

አበሻ አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ብሎ የሚተርተው ሰውን ብቻ አይደለም። መራራ ነገር መራራ ሆኖ ቢመጣ ግማሹ ሰው ገና ሲቀምሰው ይተፋዋል፤ ልጆችማ ጨርሶ አይደርሱበትም። ሰውን የሚያጠምደው ላዩን የተቀባው ማር ነው።

አቶ ሰይፈሥላሴ ፋይላቸውን መታ መታ አደረጉ። "ነፍሱን ይማር። ቢሆንም የሕዝብ ድምፅ የሕዝብ ድምፅ ነው። እዪው፣ ሃምሳ ሦስት ፊርማ! ሁሉም የራሳችን ሰው። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ከሻማ መሸጫው ጎን አስቀምጬው አንድ እሁድ ብቻ ነው የዋለ። የሚገርምሽ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የኬንሳል ግሪን ነዋሪ ናቸው። ወገን እዚያ ሰፈር እንዲህ መብዛቱን እኔ አላውቅም ነበር!"

አልታየሽ ወረቀቱን ተቀበለች። ከላይ እገዳውን እንቃወማለን የሚል ሁለት መስመር በእንግሊዝኛ ታትሟል። ከሥሩ በአማርኛ እጅ ጽሑፍ ኃይለ ገብርኤል፣ ወለተ ሥላሴ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ወለተ ጊዮርጊስ እያለ ይወርዳል። አድራሻው ከሞላ ጎደል ሁሉ ኬንሳል ግሪን ነው። ፊርማው ቦታ ላይ ደግሞ መስቀል ተሠርቷል።

"ጋሼ ሰይፉ፣ እነዚህ ሰዎች ሞተዋል።"

"ምን ትያለሽ አንቺ! ባለፈው ወር የፈረሙ ሰዎች?"

"ይህ የክርስትና ስም ነው። ለቄሱ የሚሰጥ፣ ለጸሎት የሚጠራ የሙታን ዝርዝር መስሏቸው ነው የጻፉት። ከሻማ አጠገብ ወረቀትና እስክሪብቶ ያገኘ ምእመን ሌላ ምን ይጻፍ? ኬንሳል ግሪን ደግሞ የተቀበሩበት መካነ መቃብር ነው እንጂ የሚኖሩበት አይደለም!"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ። "መስቀሉን እኔ… መፈረም የማይችሉ መስለውኝ! ኧረ በመድኃኔዓለም! ሙታንን ለትምባሆ አስፈርሜ ካውንስል ልገባ?"

አልታየሽ ሳቋ አመለጣት፤ በሰባት ወር ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። እሳቸውም ሳቃቸውን ለቀቁትና ከኋላ የተቀመጡ ተሳፋሪዎች አንገታቸውን አሰገጉ። የአልታየሽ ጣት ግን አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ ቆመ፤ ሳቋም ቆመ።

"ገብረ ማርያም። ይህ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ያን እሁድ ሻማ ስገዛ የጻፍኩት።"

"ገብረ ማርያም ማን ነው?"

"ዘርይሁን ነዋ።"

አውቶቡሱ ሁለት ማቆሚያ አለፈ። አቶ ሰይፈሥላሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከእኔ ነበር የሚገዛው" አሉ። "አሥር አሥሩን፣ የናናውን። 'ይኼ ይሻልሃል፣ ለጉሮሮ ይለሰልሳል' ያልኩትም እኔ ነኝ።"

አልታየሽ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "እንግዲያው ይህን አልመልስልዎትም። ባሌ እሱኑ ለገደለው ነገር ድምፅ እንደሰጠ አይቆጠርም!"

"ባዶ እጄን ልገባ ነው? ጎረቤቶቼ ምን ይሉኛል?"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እኔም ወርጄ እሰማለሁ።"

አብረው ወረዱ። አልታየሽ በመንገድ ላይ ወደ ሥራዋ ደውላ እንደምታረፍድ ተናገረች። የካውንስሉ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። የአቶ ሰይፈሥላሴ ስም ሲጠራ ባለሱቆቹ በጭብጨባ ተቀበሏቸው። ሰብሳቢዋ "ፊርማ እንዳለዎት ተነግሮናል፤ ያስገቡታል?" ብላ ጠየቀች።

"የለኝም" አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ።

"ልቃወም ነበር የመጣሁት። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አውቶቡስ ላይ ረታችኝ። ትምባሆውን የምሸጠው ነጋዴ ስለሆንኩ ነው፤ እንግዲህ በነጋዴ ቋንቋ ልናገር። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ በናና ሸንግዬ ቀበርኩት። ቢኖር ኖሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ዳቦና ወተት ይገዛኝ ነበር። የሞተ ደንበኛ ምንም አይገዛም። ጣዕሙን አንሱት! ልጅ ቢሞክረው ይመርረዋል፤ ይተፋዋል። እናት በጠረኑ ታውቅበታለች። አጫሹም ጉሮሮው ሲጮህ ይሰማል። ከእናንተ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ያለን ዕቃ እስኪያልቅ ስድስት ወር ስጡን፤ በመኪና የሚሸጡትንም ያዙልን።"

ከኋላ የጋዜጣው ሱቅ ባለቤት ቤንጃሚን ብድግ አለ። "ሰይፉ! ማን ገዛህ?"

"የገዛኝ የለም፤ የሸጥኩት ነው የቆጨኝ!"

አዳራሹ ተናወጠ። ገሚሱ አጨበጨበ፤ ገሚሱ አጉረመረመ። አልታየሽ ቆማ ስታጨበጭብ መዳፏ ቀላ።

ካውንስሉ ውሳኔውን ለሌላ ቀን ቀጠረው። አቶ ሰይፈሥላሴ ግን ቀጠሮ አልጠበቁም። በዚያው ሳምንት የናናውን መደርደሪያ አንስተው ድፎ ዳቦና ቆሎ ደረደሩበት። ደጃፋቸው ላይ ሲጨስ ይውል የነበረው ቀረ፤ ሕፃናት የሚያስከትሉ እናቶች ይገቡ ጀመር። ቤንጃሚን ሳይቀር ድፎውን ቀምሶ ከየት እንደሚመጣ ጠየቃቸው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ወረቀቱን ይዘው ቄሱ ፊት ቀረቡ። ቄሱ አገላብጠው አዩና፣ "ስሞቹስ መልካም፤ ከላይ ያለው እንግሊዝኛ ምን ይላል?" አሉ።

"ምንም አይልም አባቴ" አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። የላይኛውን ሁለት መስመር በጥንቃቄ ቀደው ኪሳቸው ከተቱና የቀረውን በሁለት እጃቸው ሰጡ። "ከአሥራ ዘጠነኛው፣ ከገብረ ማርያም ይጀምሩልኝ።"