ጥሩንባው ፎቅ አይወጣም

(ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ዶርም ጓሮ፤ ሐመልማል ልብስ እያጠበች ነው፣ የቀድሞ የዶርም ጓደኛዋ ፌቨን አጠገቧ ቆማለች፤ የመውጫ ፈተናው ደርሷል።)

ፌቨን፦ እሺ፣ ሁሉንም አትስጪኝ። የስታቲስቲክሱንና የቲዎሪውን ኖት ብቻ ስጪኝ፤ ሌላውን እንደ ፍጥርጥሬ እሆናለሁ።

ሐመልማል፦ ከገመዱ ሥር ራቅ በዪ፣ ያንጠባጥብብሻል።

ፌቨን፦ እየለመንኩሽ እኮ ነው! አትሰሚኝም?

ሐመልማል፦ አረፋ ውስጥ ያለው እጄ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

ፌቨን፦ ዶርም ለዶርም ስዞር ዋልኩ። ሁሉም ያንቺን ኖት ኮፒ አድርጎ ይዟል። እኔን ከበር ላይ ሲያዩኝ ትራስ ሥር ይከቱታል። አንቺ ነሽ አይደል ያልሻቸው?

ሐመልማል፦ እኔ ነኝ። «ለፈለገ ሁሉ ስጡ፣ ለፌቨን ግን እንዳትሰጡ» አልኩ። የሚገርመው፣ አንዳቸውም «ለምን?» ብለው አልጠየቁኝም።

ፌቨን፦ ሐሙዬ፣ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ያለ ያንቺ ኖት ተፈትኜ አላውቅም። ሳይኮሎጂው በዪው፣ አንትሮፖሎጂው በዪው፣ ሪሰርች ሜተዱ... የመምህሮቹን ስላይድ ሳየው ይዞርብኛል፤ ያንቺን ሳነበው ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚያወራኝ ይመስለኛል። መውጫ ፈተናው ደግሞ የተማርነውን ጠራርጎ ነው የሚጠይቀው።

ሐመልማል፦ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሞኟ አሁን ደጃፏን ዘጋች።

ፌቨን፦ ለአንድ ድርሰት ብለሽ ይህን ሁሉ ጊዜ ታኮርፊያለሽ? ያለፈ ነገር እኮ ነው!

ሐመልማል፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እስቲ ከረሳሽው ላስታውስሽ። በእጄ ጽፌ «ላፕቶፕሽ ላይ ታይፕ አድርጊልኝ» ብዬ የሰጠሁሽ ድርሰት የማን ነበር?

ፌቨን፦ ያንቺ።

ሐመልማል፦ ለመምህር አምደብርሃን ሲገባስ የማን ስም ነበረበት?

ፌቨን፦ ማስረከቢያው ደርሶ፣ እኔ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ለሱ ያንቺን በስሜ አስገብቼ፣ ላንቺ ትንሽ ቀያይሬ ልሰጥሽ ነበር ያሰብኩት።

ሐመልማል፦ ደግነትሽ! እንዳለ ነው የሰጠሽኝ። እኔም ስሜን ጽፌ አስረከብኩ። ቢሮ ጠርቶን «የጻፈችው ማናችሁ ናት?» ሲለን ምን አልሽ?

ፌቨን፦ ፈርቼ ነበር።

ሐመልማል፦ «ፈርቻለሁ» አላልሽውም። «ፋይሉ የኔ ላፕቶፕ ላይ አለ፣ እሷ ደግሞ ላፕቶፔን ትነካካለች» ነው ያልሽው። በእጄ የጻፍኩትንስ የት አደረስሽው?

ፌቨን፦ ቀደድኩት።

ሐመልማል፦ ይኸው፣ ዛሬ ገና ሰማሁት። እስከ ዛሬ «ጠፋብኝ» ነበር የምትዪው።

ፌቨን፦ እሺ፣ ቀደድኩት! አጥፍቻለሁ! ግን አንቺ ኤፍ ቢሰጥሽም ክረምት ደግመሽው ኤ አመጣሽ። ይኸው ከኛው ጋር ልትመረቂ ነው። ምን ጎደለብሽ?

ሐመልማል፦ አባቴ።

ፌቨን፦ አባትሽ ምን?

ሐመልማል፦ ክረምት ሁሉም ቤተሰቡ ጋ ሲገባ እኔ ኮርሱን ልደግም እዚህ ቀረሁ። መታመሙን ደበቁኝ። «ትምህርቷን ጥላ እንዳትመጣ» ብሎ ያስደበቀው ራሱ ነው። ኮርሱን ጨርሼ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቅሶ ቤቱ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ሁሉ ለዕድሩ ተመልሷል።

ፌቨን፦ እኔን! ሐሙዬ፣ በእናቴ አላወቅሁም። ለምን አልነገርሽኝም?

ሐመልማል፦ ብነግርሽ ለቅሶ ትደርሺኝ ነበር። ያንቺን ለቅሶ አልፈለግሁም።

ፌቨን፦ ነፍሱን ይማረው። ምን ልበልሽ...

ሐመልማል፦ ክፍል ውስጥ ቆመሽ ከድርሰቱ ያነበብሽውን፣ የተጨበጨበልሽን ዓረፍተ ነገር በዪልኝ።

ፌቨን፦ ተይ እንጂ።

ሐመልማል፦ በዪው።

ፌቨን፦ «ጥሩንባው ፎቅ አይወጣም።»

ሐመልማል፦ ምን ማለት ነው?

ፌቨን፦ ያው... ሰዎች ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ማኅበራዊ ትስስሩ ይላላና...

ሐመልማል፦ አባቴ የዕድር ጥሩንባ ነፊ ነበር። ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ፣ ታች ቆሞ ቢነፋ ላይ ያለው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ አይሰማውም። ስለዚህ ሰው በሞተ ቁጥር በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ደረጃውን እየወጣ፣ በር እያንኳኳ ያረዳ ነበር። አንድ ቀን እግሩን ሳሽለት ነው «ልጄ፣ ጥሩንባው እንደሆነ ፎቅ አይወጣም» ያለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ፣ እኔ ግን አለቀስኩ። አንቺ በሱ ተጨበጨበልሽ። ሲያጨበጭቡልሽ ፀጉርሽን አስተካከልሽ።

ፌቨን፦ ተንበርከኪ በዪኝ፣ እዚሁ እንበረከካለሁ።

ሐመልማል፦ ጭቃ ነው፣ ሱሪሽ ይበላሻል። ይልቅ መምህር አምደብርሃን አሁን ቢሮ አለ። አብረን እንሂድና «የሷ ነበር» በዪው። ሁለት ቃል ናት። ስንወጣ ኖቱ ሁሉ ያንቺ ነው፤ ቁጭ ብዬም አስጠናሻለሁ።

ፌቨን፦ አሁን? ልመረቅ ስል? ዲግሪዬን ይይዙብኛል እኮ!

ሐመልማል፦ ሊይዙብሽ ይችላሉ።

ፌቨን፦ እናቴ ለምርቃቴ ቀሚስ አሰፍታለች። ድግሱን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከተመረቅን በኋላ በሙሉ ልቤ እነግረዋለሁ፣ እምልልሻለሁ!

ሐመልማል፦ እናትሽ ያሰፋችው ቀሚስ ከአባቴ ከፈን በለጠብሽ?

ፌቨን፦ ብነግረውስ ምን ይጠቅምሻል? አባትሽን አይመልስልሽም!

ሐመልማል፦ አይመልስልኝም።

ፌቨን፦ ይቅርታ... አፌ ነው፣ ሆዴ እንደዚያ አላለም።

ሐመልማል፦ ሆድሽንማ አውቀዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ፤ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?

ፌቨን፦ አልችልም፣ ሐሙዬ። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ ይህን ግን አልችልም።

ሐመልማል፦ እሺ። አልጋዬ ላይ ሰማያዊ ፌስታል አለ። የሁሉም ኮርስ ኖት እሱ ውስጥ ነው። ግቢና ውሰጂው።

ፌቨን፦ ምን?

ሐመልማል፦ ውሰጂው አልኩሽ። እጄ እርጥብ ነው፣ አላመጣልሽም።

ፌቨን፦ ሆን ብለሽ የተሳሳተ ነገር ጽፈሽበት እንዳይሆን?

ሐመልማል፦ ልጆቹ ሁሉ የሚያጠኑት ከሱ ነው። ውሸት መጻፍ የኔ ሙያ አይደለም።

ፌቨን፦ አውቄ ነበር! ልብሽ እንደማይጨክንብኝ አውቄ ነበር! ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?

ሐመልማል፦ ይግባኝ ብያለሁ።

ፌቨን፦ የምን ይግባኝ?

ሐመልማል፦ ለዲፓርትመንቱ። «የወረቀት ማስረጃ የለኝም፣ የጻፍኩት ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አለ» አልኳቸው። ሁለታችንንም አንድ ክፍል ያስገቡናል። ያለ ስልክ፣ ያለ ላፕቶፕ፣ ያንኑ ድርሰት እንደገና እንጽፋለን። ከዚያ ደግሞ አንድ በአንድ ጠርተው በቃል ይጠይቁናል፤ ማንን አነጋገርሽ፣ የት አገኘሽው፣ ይህን ለምን አልሽ እያሉ። ዛሬ ጠዋት ተፈቀደ፤ ሐሙስ ነው። ጸሐፊዋ ትደውልልሻለች።

ፌቨን፦ ይህን እያወቅሽ ነው «ቢሮ እንሂድ» ያልሽኝ?

ሐመልማል፦ በራስሽ አፍ ብትነግሪው ኖሮ ይግባኙን አነሳ ነበር። ለአባቴ ስል እንኳ አነሳ ነበር።

ፌቨን፦ እንሂድ! ተነሺ፣ አሁኑኑ እነግረዋለሁ!

ሐመልማል፦ አሁንማ ጅራፉን ካየሽ በኋላ ነው። እኔ የፈለግሁት ከዚያ በፊት ያለውን ነበር።

ፌቨን፦ ሐመልማል፣ በፈጠረሽ! ሐሙስ ገብቼ ምን ብዬ ነው የምጽፈው፣ ሲጠይቁኝስ ምን ብዬ ነው የምመልሰው?

ሐመልማል፦ አጥኚያ። ፌስታሉ ውስጥ የተማርነው ሁሉ አለ። ያ ድርሰት ብቻ የለበትም፤ እሱ እንዳልሽው አንቺ ጋ፣ ላፕቶፕሽ ላይ ነው ያለው።