የትናንት ትኬት

ሰኞ ጠዋት የኮምፒውተር ባለሙያው ፊሌሞኒ ከትኬት መሸጫው ባንኮኒ ሥር ተንበርክኮ የኮምፒውተር ገመድ ይነካካ ነበር። ገመዱ ምንም አልሆነም፤ ይህን እሱም ያውቃል። ግን ባንኮኒ ሥር ያለ ሰው የማንንም ዓይን አያይም። ከጭንቅላቱ በላይ፣ በደሴቷ ዋና ከተማ በአፒያ ባለው በዚህ የትኬት ቢሮ ብዙ ዘመን የኖረችው ላጊማይና ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች። የጀልባው በር ላይ ትኬት የሚቀበለው አላፓቲ መስኮቱን ተደግፎ የኮኮናት ዳቦ ይገምጣል።

«ብላ እንጂ አላፓቲ፣ ምን ትቆጥበዋለህ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የሚስትህ ጉልበት ተሻላት? ... እኔማ ዛሬ እየሳቅሁ ነው የነጋልኝ። ያቺ ማዶ ደሴት፣ ፓጎ ፓጎ ያለችው እህቴ በጠዋት ደውላ ‹ቤተክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው› አትለኝም! የምን ቤተክርስቲያን፣ ሰኞ እኮ ነው አልኳት። ‹እሱ ለእናንተ ነው፤ እኛ ገና እሁድ ላይ ነን› አለችኝ። ይኸው ስንት ዘመኔ፣ እስካሁን እረሳዋለሁ። በአውሮፕላን ለመሻገር ወንበር እንኳ ሳይሞቅ ትደርሳለህ፤ የእሷና የእኔ የግድግዳ ሰዓት ደቂቃ አይዛነፍም፤ ያ ቀን የሚለየው መስመር በመካከላችን ስለሚያልፍ ግን ቀኑ እሷ ጋ ሁልጊዜ አንድ ወደኋላ ነው። ሰዓቱ ልክ መሆኑ ነው የሚያታልለው። ሰው ሰዓት ያያል እንጂ ቀን ማን ያያል?»

የፊሌሞኒ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ።

እስካለፈው ወር ድረስ ፓጎ ፓጎ ነበር የሚሠራው። «መልካም ነፋስ» የተባለው ይህ የጀልባ ድርጅት ሲቀጥረው፣ እዚያው ሳለ አንድ እናት ኮምፒውተር አሰናዳ፤ እዚህ መጥቶ ደግሞ የእሷን ቅጂ በድርጅቱ ማሽኖች ሁሉ ላይ ጫነ፤ አፒያ ባሉትም፣ ከባሕሩ ማዶ ሳቫይ ባሉትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትኬቱ ሁሉ የትናንት ቀን ተጽፎበት ይወጣል። በየማሽኑ እየዞረ ቀኑን በእጁ ያስተካክላል፤ ያን ጊዜ ዋናው ሰርቨር ‹ያንተና የእኔ ሰዓት አይገናኝም› ብሎ ማሽኑን አላስገባም ይለዋል። ማሽኑ እንደገና ከሰርቨሩ ጋር ሲስማማ ደግሞ ተመልሶ ትናንት ላይ ቁጭ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሲጮኽበት ጊዜ፣ ፊሌሞኒ ሳያስበው «አዲሷ ትኬት ሻጭ ልጅ ቀኑን እየነካካችው ይሆናል» አለ። አዲሷ ልጅ ሉፔ አርብ ዕለት ወደ ቤቷ ተላከች።

«ያን ሰውዬ ግን አደነቅኩት» አለች ላጊማይና፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። «ስሙ ምን ያደርግልሃል? ትጋቱን ነው የምልህ። ሌላ ባለሙያ ቢሆን አንድ ጊዜ ያበጅና ይሄዳል። እሱ ግን ጠዋት ያበጃል፣ ማታ ያበጃል፣ በማግስቱ ያንኑ መልሶ ያበጃል። የሚወደውን ሥራ ማን ጨርሶ ይገላገላል? ... ሳቅህን ዋጠው አላፓቲ፣ ዳቦው ያንቅሃል።»

አላፓቲ ሳቁን በሳል አሳበበ።

«ደግሞ ደግነቱ! የፓስተሩ ሚስት የተጠበሰ አሳማ ተሸክማ ለሰርግ ስትሄድ፣ ‹ትኬትሽ የትናንት ነው› ብለህ ከበር አልመለስካትም? ሰርግ ያለ አሳማ! ... አንተ ምን ታደርግ፣ የተጻፈውን ነው ያነበብከው። እሷ ግን እስከ ዛሬ ለዚያ ሰውዬ ትጸልያለች አሉ። በምን ቃል እንደሆነ አልጠየቅኩም።»

ፊሌሞኒ ጉልበቱን ቀየረ። ወለሉ ይቆረቁራል።

«ከሁሉ የገረመኝ ግን የዚያች የሉፔ ጣት ነው። ይህን የሚያህል ጣት አይተህ ታውቃለህ? እዚህ ተቀምጣ እዚህ ያሉትን ማሽኖች ሁሉ ነካካች ... ይሁን። ሳቫይ ያሉትም በዚያው ጠዋት ትናንት ላይ ቆመው ተገኙ! ልጅቷ ጀልባ ገና ሳይነሳ የሚያስመልሳት ናት፤ ተሻግራም አታውቅ። ጣቷ ግን ተሻገረ። እንዲህ ያለ ጣት ያላት ልጅ እኮ ልትባረር ሳይሆን ልትሸለም ነው የሚገባት! ይህን ደርሶበት ለሥራ አስኪያጁ የተናገረው ሰው ደግሞ ... ምን ልበልህ፣ የተማረ ይለያል። እኔና አንተ መቶ ዓመት ብንኖር ይታሰበናል?»

ላጊማይና ከአላፓቲ ዳቦ ቆርሳ ጎረሰች። ፊሌሞኒ ያለቀ መሰለው።

«ቅዳሜ ከሰዓት ምን አደረግሁ መሰለህ? ጃንጥላዬን ረስቼ ተመለስኩ። መቼም ከመጡ አይቀር ብዬ፣ ከኋላ ክፍል ቁጭ ብዬ የተረፈች ጎደሬዬን እበላለሁ። ቢሮው ጭር ብሏል። ድንገት ‹ጧ!› የሚል ሰማሁ፤ ሰው ግንባሩን በመዳፉ ሲመታ። ከዚያ ደግሞ ‹ፓጎ ፓጎ! ፓጎ ፓጎ ላይ ትቼው!› የሚል ድምፅ። ... ማን እንደሆነ አላየሁም፤ አፌ ሞልቶ ነበር። አንዱ ሻንጣውን ረስቶ ይሆናል አልኩ። የተረሳ ነገር ሲገኝ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል! ያገኘ ሰው እኮ ሮጦ ለሰው ይናገራል። ይኼኛው ግን ጨዋ ነው፤ ቅዳሜን ዝም፣ እሁድን ዝም። መዝሙር ሲዘመር እንኳ አፉን ያልከፈተ አንድ ሰው አይቻለሁ፤ እሱ ይሁን ሌላ ምን አውቄ።»

የፊሌሞኒ ጆሮዎች ጋሉ። እውነት ነው፤ እናት ኮምፒውተሯን ሲያሰናዳ ቀንና ሰዓቷን የምትቆጥርበትን የቦታ ምርጫ ፓጎ ፓጎ ላይ ትቶት ነበር፤ ከእሷ የተቀዱት ሁሉ ያንኑ ይዘው ወጡ። ሥራው ቀላል ነው፤ እናቲቱን አስተካክሎ፣ ዛሬውኑ ቅጂውን እንደገና መጫን። ነገም ማንም ምንም አያነሳም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያሰበው እንዲህ ነበር።

«አሁን ደግሞ ዛሬ ማሽኖቹ ቢድኑስ?» አለች ላጊማይና፣ ቀስ ብላ። «እንደው ልበልና፣ ከሰዓት በኋላ ትኬቱ ሁሉ በትክክለኛው ቀን ቢወጣ? ሥራ አስኪያጁ ምን የሚል ይመስልሃል? ‹ይኸው፣ ልጅቷ ስትሄድ ዳኑ› አይልም? እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው! ማሽኑም ይድናል፣ ሰውዬውም ይመሰገናል፣ ሉፔም ... ሉፔማ ልጅ ናት፤ ሌላ ደሴት ሄዳ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። ሥራ አስኪያጁ ከሻይ በኋላ ለአባቷ ደውሎ መባረሯን ሊነግራቸው ነው አሉ። ሻዩ ደግሞ ገብቶለታል፤ ቅድም ሳልፍ ስኒው ግማሽ ደርሶ ነበር። ... ምነው አላፓቲ፣ ዳቦው ደረቀ?»

ፊሌሞኒ ይህን አላሰበውም ነበር። ሉፔን ወጥመድ ውስጥ የሚከታት ስህተቱ ሳይሆን ጥገናው ነው።

ከባንኮኒው ሥር ወጣ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል የሚያደርሰው መንገድ በላጊማይናና በአላፓቲ መካከል የሚያልፈው ብቻ ነው፤ በተቀመጠ ታላቅ ሰው ፊት ደግሞ ቀጥ ብሎ አይታለፍም። ወገቡን ጎንበስ፣ አንድ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቱሎው» እያለ ይቅርታ ጠይቆ አለፈ። ከወትሮው ይልቅ ዝቅ ብሎ ነበር። አላፓቲ እግሩን ሰበሰበለት። ላጊማይና መስኮት መስኮቱን እያየች በማራገቢያዋ ራሷን ታራግባለች።

አንኳኳና በሩን ከፈተው። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አንስቶ ነበር።

«ይቆዩ ጌታዬ» አለ ፊሌሞኒ፤ ድምፁ ቢሮው ሁሉ እስኪሰማ ወጣ። «ሉፔ ምንም አልነካችም። እኔ ነኝ።»

ስልኩ ሲቀመጥ ተሰማ። ከኋላው የማራገቢያው ድምፅ ቆመ።

«እኔ መቼም መመረቅ እወዳለሁ አላፓቲ» አለች ላጊማይና፣ ማር በመሰለ ድምፅ። «ያንን ሰውዬ እግዚአብሔር ይባርከው። እጁን ይባርክለት፣ ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ከክፉ ዓይን ይሰውረው። እኛን ለከርሞ ያድርሰን ... እሱን ደግሞ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፣ ለዛሬ ያድርሰው።»