መውደቁ ካልቀረ እኔ ጋ ይውደቅ

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ፣ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ ላይ ተናጋሪዋ የመዝገብ ቤቷ ታቢታ ናት ሲባሉ «በሉ አሳጥሩላት» ማለትዎን ሰምቻለሁ። አላሳጥርም።

ወደዚህ ትምህርት ቢሮ በመጡበት ቀን እኔ አልነበርኩም፤ የነገሩኝ የጥበቃው ጋሽ ከበደ ናቸው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ከጋሪ ሲወርዱ አዩና አዘኑልዎ። «ክሊኒኩ እኮ ከባህል አዳራሽ አለፍ ብሎ ነው» አሉዎት። የታቀፈው ለካ የመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነበር። እርስዎም ረጋ ብለው፣ «አልታመመም፤ ግን መታመሙ አይቀርም» አሏቸው።

እውነትዎን ነው፣ አልቀረም። በተለይ የእርስዎ። አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለገበያ ሳይወጣ፣ ገና የሙከራ ቅጂው ሲለቀቅ፣ ሲዲውን ከአዲስ አበባ አስመጥተው የራስዎ ማሽን ላይ ይጭኑታል። ከዚያ ያቺን ሰማያዊ ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ። ባልደረባችን ሽታዬ አንድ ቀን ሰርቃ አንብባልናለች፦ «ሰኞ፣ ሁለት ጊዜ ቆመ። ማክሰኞ፣ ፕሪንተሩን አላውቀውም አለ። ረቡዕ፣ ሰላም ዋለ፤ ያሠጋል።» የኮምፒውተር ባለሙያው ኮምፒውተር ብቻ ሁልጊዜ የተበላሸ ነው እያልን ስንስቅ ኖርን። እርስዎ ግን፣ «ገና ዳዴ የሚል ልጅ ነው። መውደቁ ካልቀረ እኔ ጋ ይውደቅ» ይሉን ነበር። እኛ ጋ የሚደርሰው በእግሩ መቆም ሲጀምር ነው።

አሁን የምናገረውን ከእርስዎ በቀር እዚህ የሚያውቅ የለም።

በ2001 ክረምት የመምህራን ዝውውር ዝርዝር የጠፋው ትዝ ይላችኋል። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር፤ መምህራኑ በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ያን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አዲሱ ሲስተም ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ማሽን ላይ ሲያምር አይቼ ቀናሁ። ጫኑልኝ ብዬ ለመንኩ፤ «ትንሽ ጠብቂ» አሉኝ። አብዛኞቻችሁ የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼን ልታከብሩ ጉዱማሌ አደባባይ በሄዳችሁበት ቀን ሲዲውን ከመሳቢያቸው አውጥቼ የእኔ ማሽን ላይ ራሴ ጫንኩት። ሁለት ቀን አማረብኝ። በሦስተኛው ቀን እየጻፍኩ ሳለ ቀጥ አለ፤ ዝርዝሩን እንደያዘ ዳግመኛ አልተነሳም።

ያን ጊዜ ተቀጥሬ አራት ወሬ ነበር፤ የሙከራ ጊዜዬን ስላልጨረስኩ በአንድ ደብዳቤ መባረር እችል ነበር። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ሰብስቦን ማን እንደጫነው ሲጠይቅ፣ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ተነሱና፣ «ሲዲው የእኔ ነው፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ» አሉ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። መዝገብ ቤት ነኝና ማህደራቸው ውስጥ ያስገባሁት በእጄ ነው፤ ገጽ 34። በቀጣዩ ዓመት ለክፍል ኃላፊነት ሲወዳደሩ ደብዳቤው ተነበበና ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሳቸው ግን ቅዳሜና እሑድ ከጎኔ ተቀምጠው፣ እያነበቡልኝ፣ ዝርዝሩን ከወረቀት ላይ እንደገና አስጻፉኝ። አልቅሼ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው ቀና እንኳ አላሉም፤ «መውደቁ ካልቀረ እኔ ጋ ይውደቅ አላልኩም?» ብለው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ ፈርቼ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ። እንጀራዬን ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት፤ ልጄን የማሳድገው በዚያ እንጀራ ነው።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለኃላፊያችን ሰጥቻለሁ። ቁጥር ወጥቶለት ማህደርዎ ውስጥ ገብቷል፤ ገጽ 35። ማህደርዎ የሚዘጋው በማስጠንቀቂያ አይደለም። በእኔ ላይ የሚመጣውን እቀበላለሁ።

እንግዲህ ብርጭቆአችሁን አንሱልኝ፤ የእኔ ለስላሳ ነው፣ ምርቃቱ ግን ያው ነው። ቡሹሎ ቀበሌ የተከሉት አቮካዶ ያፍራልዎ። ዕድሜና ጤና አይለይዎ። ደብተርዎን ለእኛ ይተዉልን፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚወድቀው ሁሉ እኛ ጋ ይውደቅ።

ለጤናዎ፣ ጋሼ።