ሳይነፋ የተጻፈ ቁጥር

— ሄሎ? ... አቤት ወንድሜ! ... ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንተስ?

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወረፋ ነበረው። ባለቤቷ ሴትዮ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ወረቀት ማገላበጧን ቀጠለች። የደወለላት ታናሽ ወንድሟ ነው። አናጢ ነው፣ አስም አለበት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት።

— እሑድ መጥቼ በሩን አልጠግንልሽም ነው የምትለኝ? ... ምን ቸገረህ፣ በሩ የትም አይሄድ። ... ቆይ ቆይ። እስቲ ድገመው። ... አንተ፣ ሦስት ቃል ተናግረህ እያረፍክ ነው እኮ የምታወራኝ!

ማሽኑን አጠፋችው።

— ቸኩዬ ነው አትበለኝ። የት ነህ? ... ወርክሾፕ? ከዚያ ቫርኒሽ ውጣና በረንዳው ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። ... ትንፋሽ መለኪያዋን ይዘሃል? ... ጠቋሚዋን ወደ ታች መልሳት። አየር ሳብ፣ በከንፈርህ ግጥም አድርገህ ያዛትና ባንዴ ቡፍ! ... ስንት አለች?

...

— ሁለት መቶ አስር?

ደህና ሲሆን አራት መቶ ስልሳ ይነፋል። ቁጥሩን በየጠዋቱ በመልእክት ይልክላታል፤ የዛሬውም አራት መቶ ስልሳ ነበር።

— ቀዩ ላይ፣ አደገኛው ላይ ናት ማለት ነው። አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ። ሰማያዊዋን የአስም ፓፍ አውጣ። በምትገጥምባት ፕላስቲክ ዕቃ በኩል አንዴ ተጫን... ቀስ ብለህ ሳብ... ድገም። ... ወረፋ የያዝሽው እህቴ፣ ይቅርታ፣ ወንድሜ ታሞብኝ ነው፤ ወረቀትሽን ነገ ውሰጂ። ... አራት ሆነ? ጎሽ የኔ ጌታ። በል ጋሼ ጎማን በእጅህ ጥራልኝ፣ መኪናቸውን ያስነሱ።

ጋሼ ጎማ ከወርክሾፑ ጎን ጎማ የሚጠግኑት አዛውንት ናቸው።

— እየመጡ ነው? ... እሺ። ጠዋት የላክህልኝ ቁጥርስ ታዲያ? ... ምን? ... ሳትነፋ? ... የሳምንቱን በሙሉ?

ልትጮህበት ነበር። ግን ያለፈው ወር ትዝ አላት። ሦስት መቶ ሃያ ነው ሲላት ምን እንዳለችው ታውቃለች።

— አታስረዳኝ፣ ትንፋሽህን ቆጥብ። ያኔ ወርክሾፕህን እቆልፈዋለሁ ብዬህ የለም? ... አይ፣ አትሸፋፍንልኝ፣ ጮኼብሃለሁ። ከእኔ የደበቅኸው እኔን ፈርተህ ነው። ... ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... ሄሎ!

...

— ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ... ከንፈሩ ምን ይመስላል? ... ጠቁሯል? ... ሆስፒታል ያድርሱልኝ፣ አሁኑኑ! እንዳያስተኙት፣ ተቀምጦ ይሂድ። ፓፏንም ከእጁ አይለይ። ስልኩን አይዝጉት፣ ጋሼ፣ በሞቴ።

ወረፋው ላይ ከነበሩት አንድም ሰው አላጉረመረመም። አንዱ ተማሪ የብረት መዝጊያውን አወረደላት። ታክሲ ውስጥ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ የጋሼ ጎማን አሮጌ ሞተር ስታዳምጥ ሄደች። ክላክስ ተሰማ። በር ተከፈተ። አንዲት ሴት "ተሽከርካሪ ወንበር አምጡ!" አለች። ከዚያ ኦክስጅን የሚመስል የሚያፏጭ አየር ብቻ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ ከዚያ ፉጨት ሌላ ምንም አልሰማችም።

— ሄሎ? ... አንተ ነህ? ... ወይኔ ወንድሜ፣ ድምፅህ ተመለሰ! ... አስነፉህ? ... ስንት? ... ሦስት መቶ አስር። ... ምነው እየፈራህ ትነግረኛለህ? ... አውቃለሁ፣ ገና ነው። ሐኪሞቹ ሂድ እስኪሉህ ንቅንቅ እንዳትል። ግን ይኼኛው አንተ ራስህ የነፋኸው ነው፣ ደስ ብሎኛል። ... የእውነቴን ነው። ነገም የወጣውን ንገረኝ፤ መቶም ብትነፋ አልቆጣህም፣ እመጣልሃለሁ እንጂ። ... ማን አለቀሰ? የታክሲው አቧራ ነው። ... ደርሻለሁ እኮ፣ ግቢው ውስጥ ነኝ። የትኛው ክፍል? ... መስኮት አለው? እስቲ እጅህን አውጣ። ... አላየሁህም... ሌላኛው ፎቅ ነው? ... አየሁህ! አየሁህ። በል ዝጋው፣ ልምጣ።