የሁለቱ ልጃገረዶች ሠዓሊ የነበሩት የአክስቴ ዜና ሕይወት

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ስለሚመስል፣ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ የገደፍኩት ፊደል ቢኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማልደፍር የሚያነቡልኝ አጎቴ ናቸው። አጎቴ፣ እባክዎ ምንም ሳይዘሉ ያንብቡልኝ።

አክስቴ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በልጅነታቸው በአባታቸው ጠመኔ ግድግዳውን ሁሉ እየሣሉ ቢያስቸግሩ፣ አባታቸው ጠመኔውን ደበቁባቸው፤ እርሳቸው ግን ከምድጃ ከሰል እያወጡ ቀጠሉ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የአኒሜሽን ፊልም በሚሠራ ድርጅት ተቀጠሩ። እዚያም ከሌላ ሕዝብ የመጡትን፣ ቋንቋችንን እየተኮላተፉ የሚናገሩትን፣ ቤተሰባችን እስከ ዛሬ «ባዳዋ» የሚላቸውን ሴት አገኙ።

ሁለቱም ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሕጻናት የሚወዱትን የሁለቱን ልጃገረዶች ተረት ሠሩ። በተረቱ የተራራዋ ልጅና የሐይቋ ልጅ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳታውቅ ይዋደዳሉ። የተራራዋን አክስቴ፣ የሐይቋን ጓደኛቸው ይሥሉ ነበር፤ አንዳቸው የሌላኛቸውን ልጅ አይነኩም። ልጆቹ እጅ ለእጅ ሲያያዙ እንኳ አክስቴ አንዱን እጅ ሥለው ወረቀቱን ያሻግራሉ፣ ጓደኛቸው ሌላውን ሥለው ይመልሳሉ።

ፊልሙ በተመረቀበት ዕለት ግን የታየው የአክስቴ ስም ብቻ ነበር። ጓደኛቸው የእኔስ ብለው ቢጠይቁ፣ አክስቴ በእንግዶቹ ፊት፣ «እጁን ያነሣ ሁሉ ስሙ ይጻፍ ከተባለማ፣ የጽዳቷም ይጻፍላት» አሉ። ሰው ሳቀ። አጎቴም ይህችን ጨዋታ በየግብዣው ሲያወሩ ኖረዋል።

ጓደኛቸው ሥራውን ትተው ሄዱ። አክስቴ ሁለተኛውን ፊልም ብቻቸውን ቢጀምሩም የሐይቋ ልጅ እጅ አልሆን አላቸው፤ ጓንት ያጠለቀ እንጨት መሰለ፤ ፊልሙም ቀረ። አግብተው ነበር፤ ባላቸው ግን ከአንቺ ጋር መኖር ከመቀስ ጋር መተኛት ነው ብለው ወጡ። ልጅ ስላልወለዱ የሟች እህታቸውን ልጅ እኔን አሳደጉ። ብዙ መትተውኛል፤ ጸጉሬንም በየጠዋቱ ራሳቸው ይሠሩልኝ ነበር።

በመጨረሻም እጃቸውን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ይዟቸው፣ ውሎ አድሮም አልጋ ላይ ጥሏቸው አረፉ። አንድ ወንድማቸውን፣ ማለትም አጎቴን፣ እና እኔን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በለሰለሰ እጅ ይቀበልልን።

ትናንት እኚያ ጓደኛቸው ለልቅሶ ቢመጡ፣ ዘመዶቼ በታመመች ጊዜ ያልጠየቀች ባዳ ዛሬ ምን ትሠራለች ብለው ከደጅ መለሷቸው። ዛሬም ከመጡ እባካችሁ አስቀምጧቸው። አክስቴ እንዳትናገሪ ስላሉኝ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። አክስቴ ከታመሙ ጀምሮ ጓደኛቸው በየሳምንቱ ይመጡ ነበር፤ አክስቴ ግን የለችም በያት እያሉ ይልኩኝ ነበር። ጓደኛቸው በመጡበት የመጨረሻ ቀን አክስቴ መስኮቱን አስከፈቱኝና ደጅ ድረስ እንዲሰማ፣ «ያቺ ኮልታፋ ዛሬም መጣች? ውሻ እንኳ ሲያባርሩት ይሄዳል» አሉ። እኔ በሩ ላይ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ጓደኛቸው ግን አገጬን በእጃቸው ቀና አድርገው፣ «አይዞሽ ልጄ፤ ድምጿ አልደከመም፣ ተመስገን» ብለውኝ ሄዱ።